ዘይነባ የምትጫነው ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዘይነባ ሰሞኑን ስክሪኑን ከእኔ አዙራ ነው የምትጽፈው። በዚህ የውል መጻፊያ ቢሮዬ አስራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እኔ ስገባ ደግሞ ቶሎ ብላ የሆነ ቁልፍ ትጫናለች። የደንበኞቻችንን ውል ለሌላ ጽሕፈት ቤት እያቀበለች ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ዛሬ ቀትር ላይ ለሙቀቱ ስንዘጋ እሷ ቤቷ ገባች፤ እኔ እዚሁ ከዚራ ሰፈር፣ ቢሮው ውስጥ ቀረሁ። ውሎቹን በፍላሽ ገልብጬ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ ሰረዝኩና ሊኑክስ የሚባለውን ማስኬጃ ሲስተም እንደ አዲስ ጫንኩበት። የትኛውን ዴስክቶፕ፣ ማለት የስክሪን ገጽታ፣ እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ ያሸበረቁትን ትቼ ባዶውን መረጥኩ፤ ነገር የሚደበቅበት ጓዳ የሌለውን። ሳልጠይቅ አብረው የመጡትን ፕሮግራሞችም አንድ በአንድ አየኋቸው። በነፃ የሚሰጥ ነገር አላምንም። አንዱ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያጎላ ነው። ይሄን ደግሞ ማን ፈለገው ብዬ አጠፋሁት።

አስር ሰዓት ላይ ተመለሰች። ቁጭ ብላ ቁልፏን ተጫነች፤ ምንም የለም። ደጋግማ ተጫነች። ከዚያ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አለች።

«አቦ፣ ማጉያውን ምን አደረግከው?»

የምን ማጉያ ልላት ስል የጠበቡ ዓይኖቿን አየሁና ቀትር ላይ ያጠፋሁት ፕሮግራም ትዝ አለኝ።

«ዓይኔ መድከሙን ካወቅክ ከሥራ ታስወጣኛለህ ብዬ ነው የደበቅኩህ» አለችኝ።

መልሼ ጫንኩላት። ስክሪኑንም እንደነበረው ከእኔ አዞርኩላት። ግን ምን ዓይነት ሰው ሆኜ ብታገኘኝ ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት አብራኝ ሠርታ የዓይኗን መድከም የደበቀችኝ?