ጫማዬን ከቆለፈብኝ በኋላ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1951

ዛሬም በቀበቶ። ወጡ ጨው በዝቶበታል ነው ምክንያቱ። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ባሌ ይልማ ሁለቱንም ጥንድ ጫማዬን እህል መጋዘኑ ውስጥ ከቆለፈባቸው ዘጠኝ ቀን ሆነ። «በባዶ እግርሽ የትም አትደርሺም» ብሎኛል። እውነቱን ነው። አሰላ፣ ነጋዴ ቤት ተወልጄ ያለ ጫማ ከደጅ ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ እስከ አጥሩ ሄጄ ስመለስ አለቀስኩ። ቀበቶው ያላስለቀሰኝን ጠጠር አስለቀሰኝ። ያሳፍራል።

ማክሰኞ

ጎረቤታችን አዴ ሙሚና፣ አዴ እናት እንደ ማለት ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሲያዩኝ ኖረዋል። የአርሲ ሴት ናቸው፣ በእናቴ ዕድሜ። ጣቶቼን እንዳልሰበስብ፣ በተረከዜ እንዳልወድቅ፣ ዓይኔን ከመሬት እንዳነሳ አሳዩኝ። «ሱታ፣ ቀስ ልጄ። እግርሽ ራሱ ያያል።» ለተሰነጠቀው ተረከዜ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው በአጥሩ ቀዳዳ አቀበሉኝ። የእሳቸው ግራ እግር ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጠጥሯል። ዕድሜ ልኩን ቀዩን አፈር የረገጠ እግር ነው። መልካም መልካሙን ብቻ አልጽፍም።

ረቡዕ

የረገጥኩት፦ እርጥብ ሣር፣ እበት፣ የገብስ ገለባ፣ አንድ እሾህ። እሾሁን በመርፌ አወጣሁት።

ይልማ ጭንቅላቴን ከግድግዳ ጋር ካጋጨኝ ወዲህ ቃል ይጠፋኝ ነበር። ድስት ጥጄ ምን ልሠራ እንደነበር እረሳለሁ። ዛሬ ሣሩ ላይ ስመላለስ፣ ተማሪ ሳለሁ የሸመደድኩት የሰባት ማባዣ እስከ መጨረሻው መጣልኝ። መሬቱ በእግሬ በኩል የሚያነቃኝ ይመስለኛል። ወይም ከእሱ ሌላ የማስበው ነገር ስላገኘሁ ይሆናል። እንቅልፍም ወሰደኝ።

ዓርብ

ይልማ ተረከዜ ላይ ጭቃውን አየ። ጣቶቼን በቡት ጫማው ረገጣቸው፤ ክብደቱን ሁሉ አሳርፎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። የትንሿ ጣቴ ጥፍር ወልቋል።

ነገ እዚህ ዲክሲስ የገበያ ቀን ነው። አዴ ሙሚና ሳጉሬ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። አክስቴም ሳጉሬ ናት። እሄዳለሁ።

እሑድ፣ ሳጉሬ

በአጭሩ ልጻፍ። ትናንት ጠዋት ነጠላ ተከናንቤ ከአዴ ሙሚናና ከገበያተኛ ሴቶች ጋር ወጣሁ። በባዶ እግሯ የምትሄድን ሴት ማን ልብ ይላል? እሱ እህል ሲያሰፍር በአጠገቡ አለፍኩ፤ አላወቀኝም።

ከቀትር በኋላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው ዳገት ላይ በበቅሎ ደረሰብን። ማን እንደነገረው እንጃ። በአለንጋ ፊቴን ሸነቆጠኝ፤ ወርዶም በፀጉሬ ሊጎትተኝ ሮጠ። ዝናብ የጠገበ ቀይ ጭቃ ነው። ቡት ጫማው ከዳውና በጀርባው ወደቀ። እኔ አልወደቅኩም፤ ጣቶቼ መሬቱን ነክሰው ይዘዋል። ድንጋይ አነሳሁና ግንባሩን መታሁት። ለራሴ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ሁለተኛውን ሳነሳ አዴ ሙሚና ሲንቄያቸውን፣ የአርሲ ሴት ስታገባ የምትቀበላትን፣ ስትዘረጋ ጠብ የሚቆምላትን ያቺን ቀጭን በትር፣ በመካከላችን ዘረጉ። አብረውን ከገበያ የሚመለሱት ሴቶችም በትራቸውን ይዘው ከበቡን፤ እሱ እንዳይነሳ፣ እኔም እንዳልደግም።

«በቃ» አሉ አዴ ሙሚና። እሱን አይደለም፣ እኔን ነው።

ድንጋዩን ጣልኩት። ደሙ ዓይኑ ላይ ሲወርድ ትተነው ሄድን።

ሰኞ

እግሬ አብጧል። አክስቴ በጨውና በሞቀ ውኃ ትዘፈዝፈዋለች። ሞቶ ከሆነስ እያልኩ ዋልኩ። በር በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ ይመስለኛል።

አሥር ሰዓት ላይ ከዲክሲስ ገብስ ጭኖ የመጣ ሰው ወሬ አመጣ። ይልማ ግንባሩን በጨርቅ አስሮ ሱቁ ተቀምጧል። ከበቅሎ ወደቅኩ ይላል አሉ።

አክስቴ ተመስገን አለች። እኔም ተነፈስኩ፤ እሱ በመትረፉ ይሁን እኔ ባለመታሰሬ ግን አላውቅም።

አክስቴ ስለላከችባቸው አባባ ነገ ከአሰላ ይመጣሉ። ሊያስታርቁኝ ይሁን ሊወስዱኝ አልነገሩንም። ሽማግሌ ይዘው ቢመጡም አልመለስም። ይህን ቆሜ እነግራቸዋለሁ፣ እግሬ ከቻለልኝ።