ሩጫው ወደ ማዶ የተሻገረ ዕለት

ይድረስ ለእህቴ ለውብነሽ፤ ጅማ።

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ቀለመወርቅ፣ ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ከብቱም ሳይቀር ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ጉልበቴ ቢደክምም አፌና ጆሮዬ ደህና ናቸው፤ ሚካኤል ይመስገን። ገብሱ ውርጭ ሳይነካው ታጭዶ ተከምሯል። ይህን የምትጽፍልኝ ምራቴ የሻረግ ናት። አሳምሬ ልጻፍልዎ ብትለኝ፣ ከአፌ እንደወጣ ጻፊው ብያታለሁ።

ውብነሽ፣ ሰባ አራት ዓመት ኖሬ ያላየሁትን ባለፈው ቅዳሜ አየሁ። ሰማንያ ስድስት ሰው፣ ሴትም ወንድም፣ ከንፋስ መውጫ አርብ ገበያ ድረስ በእግሩ ሮጠ። በመኪናው መንገድ እንዳይመስልሽ። በእኛው በእግር መንገድ፣ በአፋፉ፣ በቁልቁለቱ፣ በቅሎ ሦስት ጊዜ በምታርፍበት ዳገት። የሚያባርራቸው የለ፣ ሰው አልሞተ፣ ቤት አልተቃጠለ። ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ሴት እንኳ ነበረችበት። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ሳቁ ቀረ።

ነገሩን ያመጣው ክንዱ የሚባል የንፋስ መውጫ የስፖርት አስተማሪ ነው። መስከረም ላይ መጣና መንገዱን በስልኩ አሳየኝ፤ እንደ ክር የቀጠነ መስመር። ስልክህ ገደል አይቶ ያውቃል ወይ አልኩት። እንግዲያው እርስዎ ያሳዩኝ አባቴ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ መራሁት። በሦስተኛው ቀን እሱ አነከሰ፣ እኔ አላነከስኩም። ለሯጮቹም ከከተማ የታሸገ ጣፋጭ ላምጣ ሲል፣ ለእንዲህ ያለ ዳገት በሶ በጥብጥላቸው ብዬ አስቀየርኩት።

መንገዱ እንዳይጠፋቸው በየመታጠፊያው ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ተተከለ። ችካል ሲያይ አገራችን ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ፤ መሬት ሊለካ፣ ሊሸነሸን ነው ይላል። ስለዚህ በየመንደሩ እየዞርኩ፣ የሩጫ ምልክት ነውና እንዳትነቅሉት ብዬ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ለሁሉም ነገርኩ፤ ከወንዙ ማዶ ለነማሩ ግን አልነገርኩም። ከማሩ ጋር በገብስ ማሳው ድንበር ከተጣላን ይኸው ዘጠኝ ዓመት፤ ደጁን ልርገጥለት? ክንዱ የማዶ ሰዎችስ ሰምተዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሰምተዋል አልኩት። ዋሸሁ።

ዓርብ ዕለት እነማሩ ከገበያ ሲመለሱ ችካሉ በማሳቸው ጥግ ተደርድሮ ጠበቃቸው። አንድ ሳያስቀሩ ነቀሉት። እንጨቱን ለማገዶ፣ ጨርቁን ለጊደር ቀንድ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እኔና ክንዱ ከኛው አፋፍ ቆመናል። ጉሙ ከወንዙ እየተነሳ ማዶውን ይሸፍናል፣ ይገልጣል። ክንዱ አሻግሮ አየና፣ አባቴ ችካሉ የለም አለ። እኔ ወዲያው ገባኝ። ፊተኞቹ ሯጮች በአጠገባችን አልፈው ወደ ወንዙ ወርደዋል፤ ከሁሉ ፊት ደግሞ የየሻረግ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ህይወት አለች። ከወንዙ ማዶ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወጣል። የግራው የሣር አጫጆች መንገድ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፣ መጨረሻው ገደል ነው። ህይወት ይህን አታውቅም። በኔ ጠብ ምክንያት እግሯ ማዶ ረግጦ አያውቅም። የሻረግ እዚህ ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ፤ እናት አይደለች?

ክንዱ ልሩጥ አለ፤ የት ይደርሳል? ስልኩም እዚያ አይሠራም። የቀረው አባቶቻችን ለሞትና ለእሳት የሚጠራሩበት ጩኸት ነው። መዳፌን አፌ ላይ አድርጌ፣ ኧረ ማሩ! አንተ ማሩ! አልኩ።

ማነህ አለ። ገብረ ኢየሱስ ነኝ አልኩት። ማን ሞተ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰው ካልሞተ እኔ እሱን አልጠራም። የሞተ የለም፣ ሊሞት ነው እንጂ! ችካሉ የሩጫ ነው፣ የመሬት አይደለም፤ ሯጮቹ ወደ ገደሉ እየመጡ ነው አልኩት። ታዲያ ለምን አልነገርከንም አለ። ውብነሽ፣ ቀዳሚት ሰንበት ናት፤ ሞፈር የጨበጠ የለም፤ አገሩ ሁሉ ደጁ ላይ ሆኖ ይሰማል። ልቤ አብጦብኝ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው! ብዬ ጮህኩ። ገደሉም ተቀብሎ፣ የኔ ነው፣ የኔ ነው እያለ ደገመው።

ማሩ አልመለሰልኝም። ጉሙም ዘጋ።

ከዚያ ጥሪው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከጉብታ ወደ ጉብታ ሲሄድ ሰማሁ። ጉሙ ሲገለጥ ያየሁትን እንዴት ልንገርሽ? ከወንዙ መሻገሪያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ሁሉ ሰው ቆሟል። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ቄሱም ከነመስቀላቸው፤ ሁሉም እጁን ወደ ቀኝ ዘርግቷል። ሯጮቹ በነሱ መካከል እንደ ቦይ ውሃ ይፈሳሉ፤ እልልታው ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ ይከተላቸዋል። እንዲህ ያለ ሰልፍ ታቦት ሲወጣ እንጂ አይቼ አላውቅም። ቆቤን አወለቅሁ።

ህይወት ግን ጥሪው ሳይደርስ በግራው ገብታ ኖሯል። ከገደሉ አፍ ላይ በትሩን አግድሞ የሚያለከልክ ሽማግሌ አገኘች። ማሩ ነው። ያልመለሰልኝ ለካ እየሮጠ ነበር፤ በዚያ ዕድሜው! ልጂቱ ደንግጣ ጉልበቱን ልትስም ስታጎነብስ፣ ሰላምታው ይቆይሽ፣ ሩጪ፣ ቀደሙሽ እኮ አላት። ከሴቶቹ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛዋ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ የቀደመቻት በኔ ጥፋት እንጂ በእግሯ አይደለም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ወንዙን ተሻገርኩ። ማሩ ከደጁ ላይ አየኝና፣ አውርደው፣ ድንጋይ እኛም ዘንድ አልጠፋም አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ፤ ይጻፍ፣ አላፍርም። የድንበሩን ነገር አላነሳነውም። እውነቱ ከኔ ጋር ነው፣ ዛሬም ነገም። ግን ጠላውን ጠጣሁ፤ ሁለት ዋንጫ።

ለቀለመወርቅ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ልጆቹን በየተራ ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ሁለቴ። የሻረግ ጉንጭሽን ትስማለች። ህይወት የእግሯ ጥፍር ተነቅሎ ተኝታለች፤ ከተኛችበት ሰላም ትልሻለች። ማሩም ሰላም ብሎሻል። ልጅ ሳለን ከወንዙ ስትመለሺ እንስራሽን በድንጋይ የሰበረብሽ ለካ እሱ ነው፤ ስድሳ ዓመት ደብቆት ኖሮ፣ አሁን ይቅር ትበለኝ በልልኝ ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት?

ወንድምሽ ገብረ ኢየሱስ
ላይ ጋይንት፣ ታኅሣሥ ፱ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.