በሁለት ዘለልኩ

ችኩሌ፣ አራስነት እንዴት ይዞሻል? እኔ አብረን ያቀድነውን ጉዞ ብቻዬን እየጨረስኩት ነው።

ዛሬ አውቶቡሱ ያወረደን ገደል ላይ የተዘረጋ ድልድይ ጋ ነው። እዚያ ሰውን እግሩን በላስቲክ ገመድ አስረው ቁልቁል ያዘልሉታል። ተራዬ ሲደርስ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ገመድ አሳሪው «ሦስት ስል ዝለይ» አለኝ። አንድ አለ፣ ሁለት ሲል እኔ የለሁም።

ጎትተው ሲያወጡኝ «ሰው እንዴት ለገደል ይቸኩላል?» ብሎ ተቆጣኝ። እሱ ምን ያውቃል? የትምህርት ቤቱን አጥር ስንዘል ሦስት ሳይባል አንቺ መሬት ነበርሽ። እላይ ብቻዬን እንዳልቀር ብዬ እኔም በሁለት መዝለል ለመድኩ። በኋላ ፎቶውን ሲያሳዩኝ ግራ እጄ ወደ ጎን ተዘርግቷል። ያ አንቺ እየያዝሽ የምትጎትቺው እጄ ነው።

የምናድርባቸው ሆስቴሎች ሁሉ አልጋቸው ተደራራቢ ነው። በየደረስንበት የታችኛውን እይዛለሁ፤ የላዩን የምትወጂው አንቺ ነሻ። ትናንት አብራን የምትጓዝ ልጅ ሻንጣዋን ልትሰቅልበት ስትል «ተይዟል» አልኳት። አምናኝ ወደ ሌላ አልጋ ሄደች። አልጋው ባዶውን አደረ።

ፖስት ካርዱ አለቀብኝ፣ ጠርዝ ጠርዙን ነው የምጽፈው። እናትሽን እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ሌሊት ሌሊት እሱም ይነሳ። ትንሿን አንገቷ ስር ሳሚልኝ። መቁጠር ስታስተምሪያት ግን ሁለት ላይ ቆማችሁ ጠብቁኝ።