አንድ መብራት፣ ሁለት ቀለም

ውድ አባባ ሲጌይ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው። በእህትዎ ልጅ ሰርግ ላይ ከጎረምሶቹ እኩል ሲዘሉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። «እኚህ ሰውዬ ከሻይ ፋብሪካው የወጡት ጉልበቴን አመመኝ ብለው ነው» ብዬ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴትዮ ብነግራት በሳቅ ፈረሰች። እንግዲህ እውነተኛውን ምክንያት እኔው ልናገረው፤ አይቆጡኝ።

በጥገና ረዳትዎ በነበርኩበት አራት ዓመት ሙሉ በየማሽኑ የመብራት ሳጥን ፊት እያቆሙ «ቼላንጋት፣ ምን ይታይሻል?» ይሉኝ ነበር። እኔ ሞኟ የሚፈትኑኝ መስሎኝ «ላይኛው አረንጓዴ ነው፣ ታችኛው ጠፍቷል» እያልኩ እመልሳለሁ። አንድም ቀን አልወደቅኩም ብዬ እናቴ ፊት ስንቴ እንደጎረርኩ ቢያውቁ!

ከዚያ በመጋቢት የማድረቂያው አዲስ የመገናኛ ሳጥን መጣ። የማድረቂያውን ሙቀት ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኮምፒውተር የሚያደርሰው እሱ ነው። በማድረቂያው አሮጌ ሳጥን ላይ፣ ከሌሎቹ ማሽኖች በተለየ፣ እያንዳንዱ መብራት የራሱ ቦታ ስለነበረው ቀለሙን ማየት አያስፈልግም ነበር። አዲሱ ያለው ግን አንድ መብራት ብቻ ነው፤ ሲሠራ አረንጓዴ፣ ሲበላሽ ቀይ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኦምባቲ ከኋላችን ቆመዋል፣ የገበሬዎቹ አሥራ አንድ ቶን ቅጠል ተራውን ይጠብቃል። እርስዎም እንደ ወትሮው እኔን ሳይጠይቁ መብራቱን አይተው «ደህና ነው፣ ጀምሩ» አሉ።

መብራቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። ቢጀመር ኖሮ ሙቀቱን ማንም ሳያውቅ ቅጠሉ ያርር ነበር።

«አባባ፣ ቀይ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አሁን ደህና ነው አላሉም እንዴ?» አሉ አቶ ኦምባቲ።

«አሁን ገና ነው የተቀየረው» ብዬ ዋሸሁ።

እርስዎ ዞር ብለው አዩኝ። እጅዎን ከሳጥኑ ኋላ ሰደው ገመዶቹን ዳበሱ። ሁለት የሚመሳሰሉ፣ ሲሪያል የሚባሉ የመረጃ ገመድ መሰኪያዎች ጎን ለጎን አሉ፤ የማድረቂያውን ገመድ በሁለተኛው ላይ የሰካሁት እኔው ነበርኩ። ነቅለው አንደኛው ላይ ሰኩት፣ ሁለቱን ብሎኖች አጠበቁና «አሁንስ?» አሉኝ። «አረንጓዴ!» ብዬ ጮህኩ። ቅጠሉ ተረፈ፤ እርስዎ ግን በሁለተኛው ሳምንት ጡረታ ጠየቁ።

ውሸቴ ሲከነክነኝ ከርሞ ሰኞ ዕለት አቶ ኦምባቲ ቢሮ ገብቼ ተናዘዝኩ። ሰውየው ወንበራቸው እስኪንቋቋ ሳቁ።

«ሲጌይ ቀይና አረንጓዴ እንደማይለይ ዛሬ ነው ያወቅሽው? ሌላው የተፈጨው ቅጠል ቀልቶ መብሰሉን በቀለሙ ሲያይ እሱ እኮ አጎንብሶ ያሸታል! ሃያ ሁለት ዓመት!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ጎደለብኝና ልናገር?»

ይኸው ነው አባባ። ያን ያህል ዘመን የደበቁትን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ እንደ ነውር የቆጠረው ግን ከእርስዎ በቀር ማንም የለም። እኔም በሽኝትዎ ቀን መናገር ሲገባኝ ዝም ብዬ ስለሸኘኋችሁ፣ እርስዎንም ጉልበትዎንም፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ለሁለተኛው ማድረቂያም ያው ዓይነት ሳጥን መጥቶ ቅዳሜ ብቻዬን ገጠምኩት። ቀይ በራ። ገመዱ በትክክለኛው መሰኪያ ላይ ነው፣ ብሎኑም ጠብቋል፣ መብራቱ ግን ቀይ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ አየሁት፤ እንደኔ አጥርቶ ያየው የለም። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት የቅጠል መኪናው በደጅዎ ሲያልፍ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ የፊት ወንበሩን አስይዤልዎታለሁ። የሚታየኝን እኔ እነግርዎታለሁ፣ የሚደረገውን እርስዎ ይነግሩኛል። አቶ ኦምባቲም ተስማምተዋል።

ቀይ እያየች መላው የጠፋባት ልጅዎ፣
ቼላንጋት