«ሚስትህ ከሳች»

ጥቅምት 4
ሲሚንቶ ዛሬም አልገባም። ሚስማርና ቀለም ስሸጥ ዋልኩ። ሃዊ ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነስታ ስፖርት ጫማ ስታደርግ ያዝኳት። የት ነው? «ልሮጥ።» ሳቅኩ። የሁለት ልጆች እናት፣ አሥራ አራት ዓመት በትዳር አብራኝ የኖረች ሚስቴ፣ የባዮሎጂ መምህርት... ልትሮጥ! በሳምንት ይወጣላታል።

ጥቅምት 11
አልወጣላትም። «አብረን እንሂድ» አለችኝ። ምን ችግር አለ ብዬ ሄድኩ። ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ጋ ትንፋሼ አለቀ። ቦርጬን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። አንድ ባለባጃጅ «ጋሼ፣ ላድርስዎት?» ብሎኝ አለፈ። ሃዊ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሁለተኛ አልሄድም። ይሄ ቦርጭ የላቤ ነው። ሠርቼ ያመጣሁት እንጂ የሰረቅሁት አይደለም።

ጥቅምት 23
ቀሚሶቿን ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳ አስጠበበች።
ከአምልኮ በኋላ ዲበኩሉ ወደ ጥግ ጎተተኝ። የቤት ለቤት ኅብረታችን መሪ ነው። «ሃዊ ምን ሆና ነው? ሚስትህ ከሳች። ቤት ሰላም ነው?» ሚስት ስትከሳ ሰው የሚጠይቀው እሷን አይደለም፣ ባልን ነው። ያስርባታል፣ ያስለቅሳታል፣ ውጭ ሌላ ይዟል... ፊታቸው ላይ አነባለሁ።
ቤት ገብቼ ጠየቅኳት። «ለማን ብለሽ ነው እንዲህ የምትከሺው?» «ለራሴ።» ለራሴ ምን ማለት ነው? ባል ያላት ሴት?

ኅዳር 3
አማቴ ወይዘሮ አሰለፈች ከወለንጪቲ አንድ ባልዲ ቅቤ ይዘው መጡ። ሃዊን ሲያዩ በር ላይ ቆመው ቀሩ። «ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉ በኦሮምኛ፣ ምን ሆነሽ ነው ልጄ? «ምንም አልሆንኩም አዮ፣ ጤነኛ ነኝ።» አላመኗትም። እሷ ደግሞ ቅቤ የነካው ነገር አልቀምስም አለች። እናቷ ተሸክመው ያመጡትን!
ኋላ እኔን ጓሮ ወሰዱኝ። «መርዳሳ፣ ስንሰጥህ ሙሉ ልጅ ነበረች። ምን አድርገሃት ነው?» ማልኩ። በአርባ ስድስት ዓመቴ ጓሮ ቆሜ እንደ ሌባ ማልኩ።

ኅዳር 6
ሠራተኛችንን ጫልቱን አነጋገርኳት። ሃዊ የምትበላው ሽሮና ምስር ውስጥ፣ ከእናቷ ቅቤ ትንሽ ትንሽ ጨምሪበት አልኳት። ያለ ቅመም አንጥሪው፣ ነጭ ሽንኩርት አብዢበት፣ እንዳይሸት። «እትዬ ከጠየቁኝስ?» «ዘይት ነው በያቸው።»
ምን አጠፋሁ? ሰው ሚስቱን ማብላት ወንጀል ሆነ እንዴ?

ኅዳር 21
ሚዛን ላይ ወጣች። ወረደች። ደግማ ወጣች። «ምኑን ነው ያበላሸሁት?» አለች፣ ለራሷ። ራት ሳትበላ ተኛች።
ደስ አለኝ። ማንም አያነበውም፣ ልጻፈው... ደስ አለኝ።

ኅዳር 28
ኅብረቱ ዛሬ እኛ ቤት ነበር። ለካ ዲበኩሉ የሃዊን መክሳት የጸሎት ርዕስ አድርጎት ኖሯል። «ፊቷ ተመለሰ፣ ጌታ ይመስገን!» አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ። እሷ አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።
ከሄዱ በኋላ መስታወት ፊት ቆማ ሆዷን ቆነጠጠች። «ደካማ ነኝ። አንድ የጀመርኩትን ነገር መጨረስ የማልችል ደካማ።» እንዲህ አትበይ አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ታኅሣሥ 9
ሱቅ ሳለሁ ደወለች። ክሊኒክ ነኝ፣ ና አለችኝ። የምርመራ ውጤቷን ወረቀት ሰጠችኝ።
መስከረም ላይ ተመርምራ ነበር። ኮሌስትሮሏ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ሦስት ወር በምግብና በእንቅስቃሴ እንሞክር፣ ካልወረደ መድኃኒት ትጀምሪያለሽ ብሏት ነበር። አባቷ በሃምሳ ዓመታቸው ነው በስትሮክ የሞቱት። ዛሬ ሦስት ወሯ ሞላ። ጭራሽ ጨምሯል። ሐኪሙ «ቅቤ አልተውሽም እንዴ?» ብሎ ተቆጣት። በአፌ አልዞረም ብትለውም አላመናትም።
ለምን አልነገርሽኝም? «ብነግርህ ለኅብረቱ ትነግራለህ። ሁሉም ሊጸልይልኝ እጁን ሊጭንብኝ ይሰለፋል። አንድ ነገር እንኳ ብቻዬን ልወጣው አልኩ... አቃተኝ።»
መኪና ውስጥ አለቀሰች። አፌን ከፈትኩ። «አይዞሽ» አልኩ። ፈሪ!

ታኅሣሥ 12
ጫልቱ ነገረቻት። ሃዊ መድኃኒቱን ስትውጥ እያየች መቻል አቅቷት ነው።
ሃዊ አልጮኸችም። ባልዲውን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ግማሽ ሆኗል። «ከመቼ ጀምሮ?» «ከኅዳር መጀመሪያ።»
«ስንት ጠዋት ራሴን እንደሰደብኩ ታውቃለህ? ተርቤ ስተኛ አጠገቤ ነበርክ። እያየኸኝ።»
አዎ፣ እያየኋት። ሰዉ ሚስትህ ከሳች እያለኝ ነው እኮ አልኳት። ስናገረው ለራሴም ቀፈፈኝ።

ታኅሣሥ 20
የራሷን ድስት ገዝታለች። የምትበላውን ራሷ ትሠራለች፣ ማንም እንዳይነካባት ሳህኑን ይዛ መኝታ ቤት ትገባለች። የእኔን ጫልቱ ትሠራለች፣ ሃዊ ታቀርብልኛለች። አንድ ክፉ ቃል የለም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 29
ገና። አማቴ መጡ፣ ኅብረቱም መጣ። ሃዊ ሁሉንም አስተናግዳ ስታበቃ የራሷን ሳህን ይዛ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ያደረግሁትን ለማንም አልተናገረችም፣ ለእናቷም ጭምር። ሲያመሰግኑኝ ዋሉ። ሱቁ፣ ቤቱ፣ ድግሱ...
አማቴ «እስቲ ሚስትህን አጉርሳት» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ተነሳሁ። ዶሮውን ትቼ ከራሷ ሳህን፣ ራሷ ከቀቀለችው ጎመን፣ እያየችኝ ጠቀለልኩ። አፏ ድረስ ወሰድኩ።
አየችኝ። ቁጣ እንኳ የለባትም። ከንፈሯን አልከፈተችም።
እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ዲበኩሉ ሳቀ፣ ከዚያ ተወው። አማቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ።
ራሴው ጎረስኩት። ጨው የለውም።