በእርከኔ ላይ የበቀለው ጓሳ

ግንቦት 4

ጓሳዬን አጨድኩ! አምስት ዓመት የጠበቅኩትን፣ ቤት የሚከደንበትን ሣር። ያኔ መንገድ ሲሠራ ግሬደሩ ከነሥሩ ገልብጦ የጣለውን እየለቀምኩ በአህያ ሳመጣ፣ ባሌ ጌጤነህ "ሰው ገብስ ይዘራል፣ አንቺ ሣር ትተክያለሽ?" ብሎ ይስቅብኝ ነበር። ባል ነው፣ ምን ይደረጋል።

የመጀመሪያውን ክረምት እስከ አንገቱ ቀብሬው ግማሹ በሰበሰ። በሁለተኛው ቅጠሉን በስንዝር ቆርጬ ሥሩን ብቻ አፈር አለበስኩት... ያዘ። አሁን ይኸው ሰባ ነዶ! ከእርከኖቹ ጠርዝ ብቻ። እጄ ተቆራርጧል። ግድ የለም።

ግንቦት 5

ጌጤነህ የቤቱን አሮጌ ክዳን ዛሬውኑ አፈረሰ። አባቱ የከደኑት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለ። ቆርቆሮ ቢሆን ስንቴ በዛገ! ትንሽ ቆይ ብዬ ብለምነው፣ "ዝናብ ሳይቀድመን" አለ። ቤታችን ራቁቱን ቆመ። ሰማይ እያየሁ ሽሮ ሠራሁ። ደስ ይላል እኮ!

ግንቦት 6

ሸዋቀና መጣ፣ የጋራችን የጓሳ መስክ ጠባቂ። ማልዶ፣ ዱላውን ይዞ። ነዶዎቹን አየ።

"እትዬ ዘርትሁን፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጓሳ ነዋ። ዓይንህን ታመሃል?"

"ጓሳው ተዘግቷል።"

"ይሄ የራሴ ነው፣ የተከልኩት።"

"ጓሳ የሚተከለው የት አገር ነው? ነገ ጭላዳ ዝንጀሮውም የተከልኩት ነው ይለኛል!"

ሰባውንም አስጭኖ ወሰደ። አራት ጊዜ ተመላልሶ፣ በራሴ አህያ! እሑድ ሸንጎ ፊት ትመልሻለሽ አለኝ።

ጥፋቴ ይገባኛል። ጓሳው ከተዘጋ እስኪከፈት ድረስ ማንም ማጭድ አያነሳም፣ ይኼን ሕፃንም ያውቃል። እኔ ግን የጓሮ ጎመን የቀነጠስኩ ይመስል ለማንም ሳልናገር... አንድ ሰው ጠርቼ ባሳይ ምን ነበረበት?

ግንቦት 7

ጎረቤቴ ማንያህልሻል ልታጽናናኝ መጣች። "በድሮ ጊዜ ቢሆን ቤትሽን ያቃጥሉት ነበር" አለችኝ። ማጽናናቷ ነው!

"ክዳን የለውም፣ ምኑን ያቃጥሉታል?" አልኳት። ሳቅን።

ስትሄድ ሳቁም አብሯት ሄደ። ከተፈረደብኝ ነዶው ተወረሰ። ጓሳው ሲከፈትም ከድርሻ ወጣን። ለክዳኑ የለ፣ ለገመዱ የለ፣ ለፍራሹ የለ። ስሜስ? የጓሳ ሌባ...

ግንቦት 9

ጠብ ጠብ አለ። እህሉን በሸራ ሸፈንን። ጌጤነህ ሸራውን ደጋግሞ ሲያጠብቅ አመሸ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር። የጓሳው አለቃ ጋሽ ተክለየስ ከመካከል ተቀምጠዋል። ሸዋቀና ተናገረ፣ እኔም ተናገርኩ። ብዙ ተናገርኩ መሰለኝ፣ "ይብቃሽ" ተባልኩ።

"ምስክር አለሽ?" አሉኝ ጋሽ ተክለየስ።

"ባሌ።"

አገር ሁሉ ሳቀ።

"ከባልሽ ሌላስ?"

"ጓሳው ራሱ። ኑና እዩት!"

ሰማንያ ያለፋቸው ሰውዬ ቁልቁለቱን ወረዱ! ሕዝቡ ከኋላ። እርከኑ ላይ ጎንበስ ብለው የታጨደውን ሥር ዳበሱ። ከአንዱ እስከ አንዱ በዘንጋቸው ለኩ። እኩል። ቀጣዩንም ለኩ። እኩል። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር። ቀና አሉ።

"ሸዋቀና።"

"አቤት ጋሼ።"

"እግዜር ጓሳ ሲያበቅል ገመድ ወጥሮ አይተህ ታውቃለህ?"

መሬት መሬት አየ።

ነዶዬ ይመለስ ተባለ! እኔም አልተረፍኩም። ከእንግዲህ ጓሳ የተከለ ሰው ከማጨዱ በፊት ጠባቂ ጠርቶ ያሳይ፣ አንቺም ሳታሳዪ አጭደሻልና ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ጠየቅኩ። ሳቄን ለመደበቅም ጎንበስ ማለቱ በጀኝ።

ግንቦት 14

ቤቱ ተከደነ። ሸዋቀና ሳይጠራ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ነዶ ሲያቀብል ዋለ። ጠላ ሰጠሁት። ሁለት ጣሳ ጠጣ።

ሐምሌ 2

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። አንዲት ጠብታ አልገባችም!

ጠዋት ሸዋቀና በዝናቡ መጣ፣ ዶማ ተሸክሞ። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እትዬ... ከዚያ ከጓሳሽ ሥር ትንሽ... ጎርፉ አፈሬን እየጠረገው ነው።"

"ግባና እሳት ሙቅ መጀመሪያ" አልኩት።

ከመካከል አንዳንድ ሥር እየነቀልኩ በማጭድ ሰነጣጠቅኩለት፣ ሦስት ሦስት ቀንበጥ እያስቀረሁ። እሱ እርከን ድረስ አብሬው ወርጄ ተከልን። "አንገቱን አትቅበር! በእኔ ይብቃ!" እያልኩ ስጮህበት ዋልኩ። አርባ ሥር ገባ።

"መቼ ነው የማጭደው?"

"በአራተኛው ዓመት።"

"ይኼን ሁሉ ዓመት ከከብትም ከሰውም ማን ይጠብቅልኛል ታዲያ?"

የጓሳ ጠባቂው ነው እኮ እንዲህ የሚለኝ! ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። "ምን አልኩ?" ይለኛል። ቆይቶ ገባው መሰለኝ፣ እሱም ዶማውን ተደግፎ ይስቅ ጀመር።

ነገ ማንያህልሻልና ሌሎች ሁለት ቤቶች ሥር ሊወስዱ ይመጣሉ። ለሁሉም ይዳረስ ይሆን?