ካርበን ለማጥመድ ለተነሡት ሥራ አስኪያጅ፣ ስለ ባለቤቴ ሳንባ

ለክቡር አቶ ታዲዎስ፣ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ካዛንቺስ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ የምኖረው ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህርት የሺሃረግ ነኝ፤ ምድጃዎ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብረት ሲያቀልጥ ኖሮ ባለፈው ወር ያረፈው የመዝገቡ ሚስት። ንጹሕ አየር አይጉደልብዎ፤ ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው።

አንደኛ፣ የሠራተኛ ቤተሰብ ይስማ ብለው ሆቴል ድረስ ጋብዘው የካርበን ማጥመጃውን ጥናት ስላስደመጡን አመሰግናለሁ። ከጭስ ውስጥ ጋዙን ለይቶ፣ አምቆ መሬት ውስጥ መቅበር ድንቅ ሐሳብ ነው፤ ከሰል የሚያነዱት የውጭ ፋብሪካዎች እንኳ ወጪው አስጨንቋቸዋል ተባልን። እርስዎ ግን ውድቅዳቂ ብረት በግድብ መብራት ለሚያቀልጥ፣ ካርበኑ ከቁጥር ለማይገባ ምድጃ፣ ከፋብሪካው ዋጋ የሚበልጥ መሣሪያ አሰቡ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ድፍረት አላየሁም።

ሁለተኛ፣ የብናኝ መሳቢያው ማራገቢያ ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል። መዝገቡ ማመልከቻ ባስገባ ቁጥር «ትልቁ ፕሮጀክት ሲመጣ አብሮ ይሠራል» ይባል ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ከነጠላዬ ቀድጄ የሰጠሁትን ጨርቅ አፉ ላይ አስሮ ይገባ ነበር፤ ሳጥበው ውሃው ይጠቁር ነበር። ሐኪሙም ሳንባው ውስጥ ያየው የብረት ብናኝ ነው እንጂ የእርስዎ ጋዝ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሕይወት ታሪኩን ፋብሪካው ያዘጋጅ ሲሉ፣ ለቅሶ ላይ ነበርኩና እሺ አልኩ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመው ሲያነቡ መዝገቡ በሁለት መስመር አለቀ፤ የቀረው ገጽ ሁሉ የካርበን ፕሮጀክቱ ነበር። የልጆቹ ስም እንኳ አልተጠራም። የእድሩ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ባሌን እየቀበርኩ ስለ ጋዝ ሰማሁ፣ ክቡር ሆይ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ማራገቢያውን ያሠሩልን። በመዝገቡ ቦታ የገባው ታናሽ ወንድሙ ጎይቶም ነው። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ እያሳለው ነው። የሞተሩን ዋጋ ጠይቄ ነበር፤ የዚያን ቀን የሆቴሉን ምሳ አያህልም።

ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ለጎይቶምም ጥቂት እንዲተርፈው እየተማጸንኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የሺሃረግ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ የጥናቱ የመጨረሻ ገጽ፣ የሚጠመደው ጋዝ የሚቀበርበት ቦታ ገና አልተገኘም ይላል። ለሠራተኛው ግን አይጨነቁ፤ እሱን እኛው እየቀበርን ነው።